ጀልባው ከቀረ በኋላ

ጃንዋሪ 9
ዛሬም ለመሻገር ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። የጀልባው ነጂ ራይስ ኢድሪስ ጀልባውን አስሮ፣ በርሜል ላይ ተቀምጦ ፉሉን ይበላል። «ነፋሱ አላማረኝም» አለ። የምን ነፋስ? የቴምሩ ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም። የሆስፒታሉ ነጭ ግድግዳ ከናይል ማዶ ይታየኛል... ለአንድ ካርቶን የማዋለጃ ጓንት የእሱን ጠባይ ልለማመጥ?

ጃንዋሪ 12
አቤቱታውን ጻፍኩት። «ድልድዩ ተሠርቶ አልቋልና አውቶቡስ ይመደብልን። ጀልባው አርጅቷል፤ ነጂውም እንዲሁ።» ነጂውም የሚለውን ልሰርዘው ነበር። ተውኩት። ቤት ለቤት ዞሬ መቶ አርባ ሰው አስፈረምኩ፤ መጻፍ የማይችሉትን በአሻራ።

ኢድሪስ ሰምቷል። ውሃ ስንቀዳ መጣ።
«በቱል፣ ዳያ ነሽ፤ ማዋለድ ታውቂያለሽ። ወንዝ ግን አታውቂም።»
«አውቶቡስ ነፋስ አይፈራም» አልኩት።
«አሸዋ ይፈራል» ብሎ ሄደ። ሴቶቹ ሳቁ። በእሱ መሰለኝ የሳቁት...

ፌብሩዋሪ 3
ተፈቀደ። ጀልባውን ወደ ላይኛው መንደር ወሰዱት። ኢድሪስም አብሮት ሄደ። ማንም አልሸኘውም። እኔም። አውቶቡሱ ሲገባ ግን እልል አልን። በድልድዩ ዞሮ ማዶ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል። ይሁን።

ፌብሩዋሪ 20
አውቶቡሱ ለሦስተኛ ጊዜ አሸዋ ውስጥ ተቀረቀረ። ሾፌሩ ከማል ከዛሬ ወዲያ መንደር አልገባም አለ። «ዋናው መንገድ ላይ ጠብቁኝ፣ አክስቴ። ጎማው የአባቴ አይደለም።» ዋናው መንገድ በእግር አንድ ሰዓት ነው።

ማርች 6
ነፊሳ... የመጀመሪያ ልጇ። ምጥ የያዛት ትናንት ማለዳ ነው። ማታ ሕፃኑ በጎን እንደመጣ አወቅሁ። ላዞረው ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። በሌሊት የሚያሻግረን አልነበረም። ዛሬ ሲነጋ ወንዙ ተናውጧል። ዓሣ አጥማጁን ለመንነው። «በዚህች ታንኳ? ሁላችንም እንሰምጣለን» አለ። አልፈረድኩበትም።

በአልጋ ተሸክመን ዋናው መንገድ አደረስናት። አውቶቡሱ መጣ፤ ጣራው ላይ ሳይቀር ሰው። እጄን ዘረጋሁ። ከማል አየኝ። አለፈ። አልጋውን አላየው ይሆን? ከሰዓት በኋላ የሽንኩርት መኪና አነሳን።

ማርች 8
ነፊሳ ተረፈች። ማህፀኗን አወጡት። ልጁ ወንድ ነበር።
የነፊሳ እናት አውራ ጣቷን ዘርግታ «አሻራዬን መልሺልኝ» አለችኝ።

ማርች 21
ግማሽ ቀን በአህያ ተጉዤ ኢድሪስ ዘንድ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቀው? ወይስ እንዲያጽናናኝ? ጀልባውን እያጠበ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት።
«በዚያ ነፋስ አንተም አትሻገርም ነበር» አልኩት።
«አልሻገርም ነበር።» ባልዲውን አስቀመጠ። «ምጡ የጀመራት መቼ ነው?»
«በዋዜማው።»
«በዋዜማው ነፋስ አልነበረም። ማታውኑ አሻግራት ነበር።»
ቢዋሸኝ ምን ነበረበት?

ኦክቶበር 2
ዛሬ ሐሊማን አሳፈርኳት። ለመውለድ ሦስት ሳምንት ይቀራታል፤ ማዶ ዘመድ ቤት ትቆያለች። አሁን ሁሉንም እንዲህ አስቀድሜ እልካቸዋለሁ። ከማል ለእኔ ይቆማል፤ ሰላምታም ይሰጠኛል።

ከማርች ወዲህ እዚህ መንደር አንድ ሕፃን አልተወለደም። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ከአውቶቡሱ ሲወርዱ እዚያው ቆሜ እቀበላቸዋለሁ። አንዷም «እስኪ ያዢልኝ» ብላኝ አታውቅም።