የእግርህ ልክ

ለወንድሜ ለአብዱናሲር፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድምዬ። ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን፣ ላንጋኖም እንደተውከው ቡናማ ነው።

ትሠራበት የነበረው ሎጅ እንግዳ ማስቀዘፉን ለእኔ ሰጠኝ። አትሳቅ! ግን ሰርፍ ስኪ የምትሏቸው ረጃጅም ጀልባዎች ለአጭር ሰው አልተሠሩም። የአንደኛው መቀመጫ ሰፍቶኝ ዳሌዬ ወዲያ ወዲህ ሲል ውሃ አጠጣኝ። ሌላው ከፍ ስለሚል መቅዘፊያዬ ውሃውን በደንብ አይነካም። በመጨረሻ የተስማማኝ ያንተው ጠባቡ ነው፤ እግሬ ብቻ ማሳረፊያው ጋ አይደርስም። ብሎኑን ፈትቼ ላስጠጋው ስል እማዬ "ተይው! ሲመጣ እግሩን የት ሊያደርግ ነው?" ብላ ተቆጣች። ስለዚህ ስፖንጅ በጨርቅ ሰፍቼ ማሳረፊያው ላይ አሰርኩ። አሁን እንደ ጫማ ልክክ ብሎልኛል።

ስገለበጥ መልሼ ጀልባው ላይ መውጣትም ተለማምጃለሁ፤ በሆድ ተኝቶ ራስን መሳብ ነው። አንተስ ታውቅበታለህ? ከጅቡቲ ወደብ ከኦቦክ ስትደውል "ባሕሩን የምንሻገርባት ጀልባ ትልቅ ናት" ያልከኝ እውነትህን ነው? እማዬ ስትጠይቀኝ "መርከብ ናት" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ቴሌግራም ላይ የጻፍኩልህ ሁሉ አንድ ምልክት ብቻ ስለሚያሳይ፣ ይህን ደብዳቤ ጅቡቲ ለሚመላለሰው ሹፌር ለጀቤሳ ሰጠሁት። ፎቶህንም ጨምሬለታለሁ፤ ሰው እንዳይሳሳት ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

የእማዬ ዱዓ ካንተ ጋር ነው። ስፖንጁን በአንድ ቋጠሮ ብቻ ነው ያሰርኩት፤ ስትመጣ ወዲያው ይፈታል።

አጭሬህ፣
ሱሃይላ