ሁለተኛውን ጥይት ስለማይተኩሰው ሽጉጥና ስለታሰረው ባለቤቴ

መጋቢት ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.
ነቀምት

ለክቡር የአውራጃው ገዢ
ነቀምት

ጉዳዩ፦ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ሲከሽፍ የኖረ አዲስ ሽጉጥ «ደህና ነው» ተብሎ ስለተጻፈ፣ በዚሁም ሰበብ ባለቤቴ አቶ ተረፋ ዲንሳ ከሽፍታ ጋር ተመሳጥሯል ተብሎ ያለ ፍርድ ስለታሰረ የቀረበ አቤቱታ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካቿ ወይዘሮ ድርቤ ሞረዳ በነቀምት ከተማ ከገበያው በታች ነዋሪ ነኝ። ይህን ማመልከቻ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው፤ በሚስዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጻፊ ዘንድ ሄጄ ነበር። እሳቸው ግን የምናገረውን ሲሰሙ ቃሉ ይከብዳል፣ ለትልቅ ሰው እንዲህ አይጻፍም እያሉ ግማሹን ተዉት። የቀረው ሲነበብልኝ ባለቤቴ ምሕረት የሚለምን ወንጀለኛ ሆኖ አገኘሁት። እኔ ምሕረት አልለምንም። ስለዚህ በቃሌ ውስጥ የከረረ ነገር ቢገኝ ከንዴቴ የመጣ እንጂ ለክቡርነትዎ ካለኝ ንቀት እንዳልሆነ አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

፩ኛ/ ባለቤቴ ተረፋና ሟቹ አቶ ሽብሩ ከጊዳ አያና ቡናና ማር እየገዙ በበቅሎ ወደ ነቀምት የሚያመጡ ሸሪኮች ነበሩ። የሽብሩ አባት ከጎጃም መጥተው ኪራሙ የሰፈሩ ገበሬ ናቸው። ሽብሩ ኪራሙ ተወልዶ እዚህ ትዳር የያዘ፣ ኦሮምኛን እንደ እኛው የሚናገር ሰው ነበር። ተረፋ እንደ ታላቅ አክብሮ «ኦቦ ሽብሩ» ይለው ነበር፤ እሱም ባለቤቴን «ወንድሜ» ነበር የሚለው። ልጆቻችን የአንዱ ቤት ምሳ ካላማራቸው የሌላው ቤት ገብተው ይበሉ ነበር። በአንገር በረሃ መንገድ ላይ ሽፍታ እየበዛ ሲመጣ ሁለቱ ተማክረው አንድ ሽጉጥ ለመግዛት ተስማሙ። ፈቃዱም በባለቤቴ ስም ወጣ።

፪ኛ/ ሽጉጡን የገዛነው የጦር መሣሪያ እንዲሸጡ ከተፈቀደላቸው ነጋዴ ከአቶ ወሰኔ ሱቅ ነው። የፋብሪካው ቅባት እንኳ ሳይጠረግ ከነካርቶኑ ነበር የሰጡን። አዲስ መሆኑን አልክድም። አዲስ ነበር፤ ከተሠራ ጀምሮ የተበላሸ አዲስ።

በማግስቱ ባለቤቴና ሽብሩ ከከተማው ወጣ ብለው ገደል አፋፍ ላይ ሞከሩት። የመጀመሪያው ጥይት ተተኮሰ። ባዶው ቀለህ ግን ከውስጥ አልወጣም፤ ተከታዩ ጥይት ከኋላው መጥቶ ተቀረቀረ። በቢላ ጫፍ ፈልቅቀው አወጡና እንደገና አቀባበሉ። አሁንም አንዱ ተተኮሰ፣ ቀጣዩ እንቢ አለ። ወደ ሱቁ ሲመለሱ አቶ ወሰኔ ጥይቱ አሮጌ ስለሆነ ነው ብለው ሌላ ጥይት ሸጡላቸው። ጥይቱ ተቀየረ፤ ነገሩ አልተቀየረም። ቀጥለው ደግሞ የፋብሪካው ቅባት ወፍሮ ነው፣ በላምባ እጠቡት አሉ።

ያጠብነው እኔና ተረፋ ነን። አሮጌ አንሶላ መሬት ላይ ዘርግተን ብረቱን ፈታተን፣ በላምባ አጥበን፣ በጨርቅ አድርቀን፣ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግንበት። ካዝናውንም ሞላውንም መረመርን። ያን ጊዜ ቀለሁን ይዞ የሚያወጣው ጥፍር የመሰለ ብረት ከመነሻው አጥሮ የተሠራ መሆኑን በዓይኔ አየሁ። ባዶ ቀለህ ሥሩ አስገብቼ ብስበው እያመለጠ ይወድቃል። ተረፋ ሄዶ ይህን ሲነግራቸው አቶ ወሰኔ ሽጉጥ ለሴት ታስፈታለህ እንዴ ብለው ሳቁበት። ከዚያም ጥፋቱን ወደ እጁ አዞሩት፤ ሽጉጥ ጠንከር ተደርጎ ካልተያዘ ቀለህ አይተፋም፣ እጅህ እየላላ ነው አሉት። ሽብሩ የደነገጠ በቅሎ በአንድ እጁ የሚያቆም ሰው ነበር፤ እሱ ይዞ ተኮሰ፣ ያው ሆነ። እኔም በሁለት እጄ ጨብጬ ተኮስኩ፣ ያው ሆነ። የሦስታችንም እጅ ላላ ማለት ነው?

፫ኛ/ ለውጡልን ብንላቸው የተተኮሰ ሽጉጥ አይመለስም አሉን። ክቡር ሆይ፣ ሽጉጥ ሳይተኮስ መበላሸቱ እንዴት ይታወቃል? ይህን ስጠይቃቸው ፊታቸውን ወደ ሌላ ገበያተኛ አዞሩ። በኋላ መለዋወጫውን ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ ብለው ቀን ሰጡን። ቀኑ ሲደርስ ሌላ ቀን ሰጡን። እንዲህ ስንመላለስ የቡናው ጊዜ ሊያልፍብን ሆነ። በመጨረሻ ተረፋ በዚህ ሽጉጥ ያንን በረሃ እንዴት ላቋርጥ ብሎ ቢጠይቃቸው፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ እየሰማሁ እንዲህ አሉት፦ «ይዘኸው ሂድ። ሽፍታ ሽጉጥ ሲያይ ይሸሻል። ሁለተኛ ጥይት ምን ያደርግልሃል?»

ይህን ቃላቸውን እንደሚክዱ አውቃለሁ። ሲክዱ ግን እኔን እያዩ ይካዱ።

፬ኛ/ ባለፈው ጥር ወር ቡና ጭነው ሲመለሱ፣ ከአንገር ወንዝ ወዲህ ባለው ዳገት ላይ ሦስት ሽፍቶች መንገድ ዘጉባቸው። ጊዜው ረፋድ ነበር። ተረፋ አቀባብሎ ተኮሰ። ሽፍቶቹ ወደ ቁጥቋጦው ተበተኑ። አቶ ወሰኔ እንዳሉት ሸሽተው ቢቀሩ ኖሮ እኔም ዛሬ ብዕር ባላነሳሁ። እነሱ ግን ከቁጥቋጦው ሆነው ያዩ ነበር። ተረፋ ደግሞ ቃታውን ሲስብ ድምፅ የለም። ሽጉጡን አጋድሞ የተቀረቀረውን ቀለህ በጥፍሩ ሲቧጥጥ ተመለከቱት። ነገሩ ገባቸውና ተመልሰው ወጡ።

ሽብሩ በእጁ ከበቅሎ መንጃ ዱላ በቀር ምንም አልነበረውም። ተረፋ ቀለሁን እስኪያወጣ ድረስ ሊያዘገያቸው ብሎ ያንን ዱላ ይዞ ሮጠባቸው። ሆዱን በጩቤ ወጉት። ቀለሁ ወጥቶ ሽጉጡ እንደገና እስኪተኮስ ድረስ በቅሎዎቹን ከነጭነታቸው ነድተው ሄደዋል። ባለቤቴ በእሱ ላይ ወድቆ ደሙን በጋቢው ሊያቆም ሲሞክር ሁለት ገበሬዎች ጩኸቱን ሰምተው ደረሱ፤ ቃሬዛ ሠርተውም ተሸከሙት። ሽብሩ ነቀምት ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ ዐረፈ።

፭ኛ/ ባለቤቴ የወንድሙን አስከሬን ይዞ ከተማ እንደገባ፣ ደም የነካውን ልብሱን እንኳ ሳይለውጥ ወደ ጣቢያ ተወሰደ። መርማሪው የጠየቁት ሽጉጥ የያዘው በደህና ተመልሶ ባዶ እጁን የነበረው እንዴት ሞተ የሚል ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እጠይቀዋለሁ። ያቃጠለኝ መልሱን የፈለጉበት መንገድ ነው። ሽጉጡ ደህና መሆን አለመሆኑን የጠየቁት ሽጉጡን የሸጠውን ሰው ነው። አቶ ወሰኔም ጣቢያ መጥተው በሰው ፊት «አዲስ ሽጉጥ አይከሽፍም። የከሸፈው የያዘው ሰው ነው» ብለው መሰከሩ።

ከዚያ መርማሪው በጣቢያው ግቢ አንድ ጥይት አጉርሰው ወደ አፈር ተኮሱ። ተተኮሰ። «መሣሪያው ደህና ነው» ብለው ጻፉ። ባለቤቴ እጁ እንደታሰረ፣ ጌታዬ አንድ ብቻ ይድገሙ ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ሽጉጡን ለዘበኛ ሰጥተው ወደ ቢሮ ገቡ። ክቡር ሆይ፣ ሽጉጡ አንድ ጥይት አይተኩስም ያለ ሰው የለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምንጮኸው ስለ ሁለተኛው ነው። መርማሪው አንድ ጊዜ ብቻ ጣታቸውን ቢያንቀሳቅሱ እውነቱ እዚያው ይወጣ ነበር። ያንን ስላላደረጉ ባለቤቴ እስካሁን እስር ቤት ነው፤ የአቶ ወሰኔ ቃልም ቅዳሜ ገበያ ወርዶ የሰው ሁሉ ቃል ሆኗል። ልጄ ደራርቱ የሽፍታ ልጅ ተብላ እያለቀሰች ከትምህርት ቤት ትመለሳለች።

፮ኛ/ ቃሬዛውን የተሸከሙት አቶ ጉሉማ የሚባሉ ገበሬና ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። ሽብሩ ከመሞቱ በፊት በኦሮምኛ «ተረፋን አትውቀሱት፤ የከዳን ብረቱ ነው» ሲል ሁለቱም ሰምተዋል። ይህንኑ ሊናገሩ ሥራቸውን ትተው ጣቢያ መጡ። አስተርጓሚ የለም፣ ሌላ ቀን ኑ ተባሉ። ሌላ ቀን መጡ፤ አሁንም አስተርጓሚ የለም ተባሉ። ይህ የሆነው በነቀምት ከተማ ነው። ከጣቢያው በር ላይ ሣር የምትሸጠው ሴት እንኳ ሁለቱንም ቋንቋ ትናገራለች። ሰው ሲሞት የተናገረው ቃል፣ የተናገረበት ቋንቋ ለጸሐፊው ስላልተመቸ ይቅር?

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ አሰፋች በለቅሶው ቀን ከድንኳኑ አስወጥታኛለች። አልፈርድባትም። ባልሽን ያስገደለው ሸሪኩ ነው ብሎ የነገራት የመንግሥት ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ስታየኝ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስብ ነበር። ከባለቤቴ መታሰር ይልቅ ይህ እንደከበደኝ ብናገር ሰው ይታዘበኝ ይሆናል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

በቅርቡ አቶ ኢዶሳ የሚባሉ የጉቴ ነጋዴ የባለቤቴን መታሰር ሰምተው ቤቴ ድረስ መጡ። እሳቸውም ከአቶ ወሰኔ ሱቅ ያንኑ ዓይነት ሽጉጥ ገዝተዋል፤ የእሳቸውም ሁለተኛውን ጥይት አይተኩስም። አቶ ወሰኔ ባለቤቴ ከታሰረ በኋላ እኒህን ሰው አስጠርተው፣ ወሬ ሳይበዛ ሽጉጡን ልለውጥልዎ ብለዋቸዋል። የተተኮሰ አይመለስም ያሉት ለእኛ ብቻ ኖሯል። አቶ ኢዶሳ ግን አልለውጥም፣ ሰው የታሰረበት ነገር ነው ብለው ሽጉጡን እንደያዙት አሉ።

እኔም ለምኛቸው አብረን ወደ አሰፋች ቤት ሄድን። በሩን ልትዘጋብኝ ስትል አቶ ኢዶሳ፣ እንድትሰሚን ሳይሆን እንድታዪ ነው የመጣነው አሏት። ከጓሮዋ በታች ባለው ገደል ላይ ተኮሱ። አንዱ ሄደ፤ ሁለተኛው ተቀረቀረ። አውጥተው ደገሙ፤ ያው ሆነ። አሰፋች ሽጉጡን ተቀብላ የተቀረቀረውን ቀለህ አየች። ከዚያ «ሽብሩ የሮጠው ይህን እያየ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ በኋላ የሆነው የሁለታችን ነው፤ ለጽሕፈት ቤት አይጻፍም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። በጣቢያ የተያዘው የባለቤቴ ሽጉጥና የአቶ ኢዶሳ ሽጉጥ በክቡርነትዎ ፊት ካዝናቸው ሞልቶ ይፈተኑ። የአቶ ጉሉማና የወንድማቸው ቃል በአስተርጓሚ ተሰምቶ ይጻፍ። ነገሩ እስኪጣራም ባለቤቴ በዋስ ይለቀቅልኝ። በአቶ ወሰኔ ሱቅ የቀሩት ሽጉጦች ሌላ ሰው አምኗቸው መንገድ ሳይወጣ ይታሸጉ። የሽጉጡን ዋጋ አልጠይቅም፤ ከእኛ ቤት የጎደለው ገንዘብ አይደለም። የባለቤቴ ስም የጠፋው ግን በቅዳሜ ገበያ ስለሆነ፣ እውነቱ ሲታወቅ በዚያው ገበያ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲነገር አጥብቄ እጠይቃለሁ።

በፈተናው ቀን አቶ ወሰኔም ይገኙ። የባለቤቴን ሽጉጥ የሚተኩሱት እሳቸው ራሳቸው ይሁኑ፤ የእሳቸው እጅ አይላላም። የመጀመሪያውን ጥይት ወደ አፈር ይተኩሱ። ከዚያ በኋላ እኔ መጥቼ ከአፈሙዙ ፊት እቆማለሁ። ደህና ነው ብለው የመሰከሩለት መሣሪያ ነውና ሁለተኛውን ይተኩሱት።

ይህን እጽፋለሁ ብዬ ለወይዘሮ አሰፋች ስነግራት «ብቻሽን አትቆሚም» አለችኝ። ከስሜ በታች ያለው የአውራ ጣት ምልክት የእሷ ነው።

ፍርድዎን ከሚጠባበቁ ሁለት ሴቶች፣ ከሰላምታ ጋር

ድርቤ ሞረዳ (ፊርማ)
የእስረኛው የአቶ ተረፋ ዲንሳ ባለቤት

አሰፋች (የአውራ ጣት ምልክት)
የሟቹ የአቶ ሽብሩ ባለቤት