እኛን ያረቡን በጎች

ውድ ባለቤቴ፣

ሰላምታውን ያሳጠርኩት ተቆጥቼ እንዳይመስልህ፤ ደክሞኝ ነው። በጎቹን ሸጥኳቸው። ሁሉንም። ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው ልጽፍልህ የተቀመጥኩት።

ለሥራ ወደ ሰው አገር ስትሄድ በር ላይ ቆመህ ያልከኝን አልረሳሁትም። "በጎቹ ራሳቸውን ችለው እኛን መቻል ሲጀምሩ በማግስቱ እመጣለሁ" ነበር ያልከኝ። እኔም አመንኩህ። ሒሳቡ እኮ ቀላል ይመስል ነበር፤ አንዷ ሁለት ትወልዳለች፣ ሁለቱ አራት፣ ከዚያ አንተ ከነሻንጣህ። በጓሯችን ያለችው ሣር ለአንድ ሰሞን እንኳ እንደማትበቃ ሁለታችንም እያየን እንዳላየን አለፍነው።

ከዚያ ወዲህ በጎቹ የኖሩት ከደጃችን ሣር ሳይሆን ከአንተ ደመወዝ ነው። የላክኸው ገንዘብ ቤት ሳይገባ መኖ ሻጯ ጋ ይወርዳል። ፉርሽካውም ድርቆሹም በየወሩ ይጨምራል፣ የጎደለውን በዱቤ እወስዳለሁ፤ የበግ ዋጋ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። የእንስሳት ሐኪሙ የጉበት ትል መድኃኒት ይዞ በመጣ ቁጥር የአንድ በግ ዋጋ ይዞ ወይም በዕዳ ጽፎ ይሄዳል። ጥቁሯ በግ መንታ ወልዳ ወተቷ ሲደርቅ ግልገሎቿን በጡጦ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። የምገዛላቸው ወተት ነገ ከሚሸጡበት ዋጋ እንደሚበልጥ አውቅ ነበር። ምን ላድርግ፣ ሲጮሁ አንጀቴ አልቻለም።

እናትህን ታውቃቸው የለ፣ ቀልድ አያልቅባቸውም። አንድ ቀን ጋጣውን ስጠርግ በመስኮት አይተውኝ፣ "አንቺ ልጅ፣ እኛ ነን በጎቹን የምናረባው ወይስ እነሱ ናቸው እኛን የሚያረቡን?" አሉኝ። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በኋላ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ አልሸጥም ብዬ ሙጭጭ አልኩ። በጎቹ ከሌሉ የምትመጣበት ምክንያት የሚጠፋ ይመስለኝ ነበር። የሥራ ባልደረባህ፣ በያጁ፣ ለእረፍት መጥቶ የላክኸውን ጫማ ሊያደርስልኝ ቤት ባይመጣ ኖሮ ዛሬም አልሸጣቸውም። ስለ አንተ ስጠይቀው መሬት መሬቱን አየ።

"ደህና ነው። ትንሽ ከስቷል።"

"ታሞ ነው?"

"ኧረ አይደለም። ምሳ ትቷል። እኛ ልንበላ ስንነሳ አልራበኝም ይልና እዚያው ይቀራል። የሚስቴ በጎች መኖ ተወዶባቸዋል ይላል።"

የሚስቴ በጎች! መቼ ነው ደግሞ የእኔ ብቻ የሆኑት? ልቆጣህ ፈልጌ አልሆነልኝም። እዚያው እፊቱ ነው ያለቀስኩት።

በማግስቱ የበግ ነጋዴ ጠራሁ። ጀርባቸውን አንድ በአንድ ዳበሰና "አጥንት ብቻ ናቸው እኮ፣ እህቴ" አለኝ። "ሦስቱ እርጉዝ ናቸው" ስለው፣ "ሥጋ ቤት እርግዝና አይመዝንም" ብሎ ሳቀ። ዝናብ ጠፍቶ ሁሉም ሰው በሚሸጥበት ሰሞን ምን ብዬ ልከራከር? በሰጠኝ ገንዘብ የመኖ ዕዳውን ዘጋሁ፣ ለሐኪሙም ከዕዳው ግማሹን ሰጠሁት። ለመመለሻ ትኬትህ የሚሆን አልተረፈም።

አንተ እዚያ የምትለፋው በጎቹን ለመቀለብ ነበር፤ እኔ እዚህ በጎቹን የምቀልበው አንተን ለመመለስ። እንዴት ነው እስከ ዛሬ ያላየነው? መቼ ትመጣለህ ብዬ አልጠይቅህም። እኔም አላውቀው፣ አንተም አታውቀው። እናትህ ሲጠይቁኝ ግን ቶሎ ይመጣል ማለቱን ትቻለሁ።

ከአንተ የምፈልገው ሌላ ነገር የለም። በሚቀጥለው ወር የምትልከውን ቀንስ። ጓደኞችህ ሲነሱ አብረሃቸው ተነስ። ምሳህን ብላ።

ባለቤትህ