የአያ ታደለ ወፍጮ ዝም ያለ ጊዜ

ጥቅምት 2፣ ምሳ ሰዓት

መ/ቤት ነኝ። ሁሉም ወጥቷል፤ እኔና ታይፑ ቀርተናል። አንቺን፣ ደብተሬን፣ ከቦርሳዬ አወጣሁሽ፣ ሌላ ማን አለኝ? አባባ ከተቀበረ ወዲህ አላዋራሁሽም። አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክሰኝት ያለው ወፍጮው ቆሟል። አባባ ዕድሜውን ሙሉ የለፋበት ወፍጮ። እማማ ዘጋችው፤ ማንም አይነካውም አለች። እኔ ደግሞ ጎንደር ላመጣት ነው ሐሳቤ። ብቻዋን እዚያ ምን ትሠራለች? ስነግራት ተነሥታ ግቢውን ትጠርጋለች። አታለቅስም እኮ! የቀብሩ ለት እንኳ እንባ አልወጣትም። ሰው ሁሉ ደረቱን ሲደቃ እሷ እንደ እንግዳ ቁጭ። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ጥቅምት 5፣ ቅዳሜ፣ ማክሰኝት

በጧቱ አውቶቡስ መጣሁ። ሴቱ ሁሉ ወደ እጅ ወፍጮ ተመልሷል። መዳፋቸው ውሃ ቋጥሯል። አንዷም ትንፍሽ አትልም፤ ሐዘን ቤት መጥቶ ወፍጮውን ክፈቱልን ማን ይላል? ይሉኝታ ይዟቸው ይፈጫሉ።

ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ሊ/መንበር መጣ። ግራ ቀኙን አየና፣ ሰው አለመኖሩን ሲያረጋግጥ፣ እግዜር ያጥናችሁ አለ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ሥራው ገባ። እስከ ተዝካሩ ካልተከፈተ ማኅበሩ ይረከበዋል አለ። ሰፊው ሕዝብ ዱቄት ሊያጣ አይችልም። ክፉ ሰው አይደለም፣ እውነቱን ነው። እኔማ በሆዴ ተገላገልን አልኩ። ይውሰዱት፣ እማማን ይዤ እሄዳለሁ። ለእማማ ነገርኳት። ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ኧረ እናቴ! ወይ እሺ በይ ወይ ስደቢኝ!

ጥቅምት 10

ሪፖርት እየመታሁ ሳቄ አመለጠኝ። አለቃዬ ቀና ብሎ አየኝ። ሐዘንተኛ ስለሆንኩ አለፈኝ።

አባባ ትዝ ብሎኝ ነው። ጆሮውን ሞተሩ ከበላው ቆይቷል። ቤት ውስጥ ሲያወራ የተጣላ ይመስላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያንሾካሾከው ደጀ ሰላም ድረስ ይሰማል። ስብሰባ ላይ ደግሞ መፈክሩን አይሰማም፤ እና ዘዴ ነበረው። ጎረቤታችንን አያ ውበቱን ያያል፤ እሳቸው ክንዳቸውን ሲያነሡ እሱም ያነሣል። አንድ ቀን ሊ/መንበሩ ከአውራጃ የመጡ እንግዳ እያስተዋወቀ ሳለ አያ ውበቱ ዝንብ ሊያባርሩ እጃቸውን ሰነዘሩ። አባባ ሆዬ ብድግ ብሎ፣ ብቻውን፣ በዚያ ድምፁ «ይውደም!»

ጉድ ፈላ።   ሊ/መንበሩ ቶሎ ብሎ፣ ጓድ ታደለ ሕዝቡን ሲያገለግሉ ጆሯቸውን ያጡ ናቸው አለና አስጨበጨበለት። እንግዳውም አጨበጨቡ። እማማ በጋቢው ጫፍ እየጎተተች ቤት አስገባችው። እሱ እቴ! «ምነው፣ ‹ወደፊት› ነበር ወይ የሚባለው?» አላት።

ልጅ ሳለሁ ሽማግሌ ይመስለኝ ነበር። ቅንድቡ፣ ጺሙ፣ ሁሉ ነጭ። ማታ ታጥቦ ሲመጣ ጥቁር ጺም ያለው ሸጋ ጎልማሳ ይሆናል። ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። በዚያ ዱቄት ውስጥ ሆኖ አሳደገኝ፤ ደከመኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ናፈቀኝ። በጣም ናፈቀኝ።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኝት

አያ ውበቱም ጓደኛቸውን አባባን ተከተሉ። ዛሬ ቀበርናቸው። እግሬ ሳያርፍ እጽፍልሻለሁ፣ ሳይጠፋብኝ።

ከቀብር ስንመለስ የሰፈር ሴቶች ለለቅሶው የሚሆን ጤፍ ይዘው መጡ። ወፍጮ ቤቱ ደጅ አስቀመጡት። አልጠየቁም። አጠገቡ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። እዚህ አገር የለቅሶ ቤት እህል ወረፋ አይይዝም፤ አባባ የሌላውን አቁሞ፣ ትኩሳት ላይም ሆኖ ተነሥቶ ይፈጨው ነበር። እነሱም ሌላ መሄጃ አላወቁም፣ እግራቸው አመጣቸው።

እማማ ከቤት ወጣች። አየቻቸው። ምነው፣ የለቅሶ ቤት እህል ደጅ ያድራል ወይ ብላ ተቆጣች። ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታች። የሞተሩን ማስነሻ ማኒቬላ እኔ ያዝኩ፤ በልጅነቴ ከአባባ ጋር አዙሬዋለሁ። እምቢ። ደገምኩ። ክንዴ ሊገነጠል ነው። ሦስተኛው ላይ ሞተሩ አጓራ፣ ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ ያዘ፣ ጤፉ መውረድ ጀመረ።

ዞር ስል የእማማ አፍ ተከፍቷል። የምታናግረኝ መሰለኝ። ዋይታ ነው። ስሙን እየጠራች፣ ደረቷን እየደቃች፣ እንባዋ በዱቄቱ ላይ እየወረደ። ሞተሩ ድምፅዋን ውጦታል፤ ደጅ ያሉት ምንም አልሰሙም። ለካ ሳታለቅስ የቆየችው ሰው የማይሰማበት ቦታ አጥታ ነው! አልተጠጋኋትም።

ጤፉ አለቀ። ድንጋይ ባዶውን ሲፋጭ ይበላሻል፤ አባባ ቢያየኝ ይገድለኛል። ሞተሩን አላጠፋሁትም። እስኪወጣላት ቆምኩ።

ማታ

በላች። ተኝታለች።

ጎንደር አትሄድም፣ ከእንግዲህ አልጠይቃትም። ወፍጮው ለማኅበሩ አይሰጥም፤ ለሊ/መንበሩ ጧት እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። ለመ/ቤት የፈቃድ ማመልከቻ እልካለሁ፣ እምቢ ካሉም መልቀቂያ። ሰኞ ሴቶቹ እህል ይዘው ሳይመጡ፣ የተበላሸውን ድንጋይ ከእማማ ጋር እንወቅራለን።