ወንዛዬ ሄዷል ያልናት ልጅህ

ሙሌ የኔ ጌታ፣ ይኸን ጊዜስ እመነኝ። ስለ እመብርሃን ብለህ እመነኝ። ያን ጊዜ የጎንህ ሕመም ፍል ውኃ የሚያድነው አይደለም፣ ሐኪም ይየው ብዬ ስለምንህ "አንቺ ደሞ ዓረብ አገር የሰው ልጅ አዝለሽ ዶክተር ሆነሽ መጣሽ!" ብለህ ሳቅህብኝ። እኔም አብሬህ ሳቅሁ፣ ሳቅህ ይጋባ የለ። አሁን ግን የሚያስቅ ነገር የለም። ሐና አላበደችም። ልጃችን ምንም አልያዛትም። ሌላው ባያምነኝ አንተ እመነኝ።

ከተለያየን መንፈቅ አለፈን። አርባህንም ሰማንያህንም አወጣን፣ መንፈቅህንም እንደ አቅሜ አወጣሁልህ፣ እንዳይከፋህ። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ፣ በፊት እንደነበረው ሲሆን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ባጃጅህን ወንድምህ ይሠራባታል። ድምጿ በመንገዱ በመጣ ቁጥር ሐና የያዘችውን ጥላ ወደ በር ትሮጣለች። እኔ አልሮጥም፣ እጄ ግን ያቆማል።

የቀብርህ ለት ሐናን ጎረቤት ሰደድናት። ለልጅ መርዶ አይነገርም አሉ ትልልቆቹ፣ ወጉ ነው። ማታ ስትመጣ "አባቢስ?" አለች። አክስትህ ናቸው "ወንዛዬ ሄዷል እኮ የኔ እናት፣ ፍል ውኃ ሊታጠብ" ያሉ። እኔም ሐሰት ነው አላልሁም። ደሞ ስንት ጊዜ ሄደህ ስንት ጊዜ ተመልሰሃል፣ ፎጣህን አንገትህ ላይ ጠምጥመህ፣ ብርቱካን ይዘህላት። ሁለታችንንም የወሰድኸን ጊዜ ትዝ ይልሃል? ስንመለስ አመሻሽ ነበር፣ ሐና በመኪናው መስኮት ጨረቃን እያየች "ትከተለኛለች!" አለች። አንተም "አዎ፣ አንቺን ቤት ልታደርስ ነው" አልሃት። እስከ ዛሬ ታምናለች።

ትናንት ጧት እኔ ውኃ ልቀዳ ስወጣ ያንን ፎጣህን ይዛ ወጥታ መናኸሪያ ሄደች። ብቻዋን፣ ሙሌ! የአራት ዓመት ልጅ፣ ያ ሁሉ መኪና በሚዞርበት። ለወንዛዬ የሚወረድበት ሐሙሲት የሚሄደው መኪና ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ረዳቱ "እናቱ፣ ሒሳብ?" ቢላት "አባቢ ወንዛዬ አለ፣ እሱ ይከፍላል" አለችው አሉ። መናኸሪያ ያሉ ጓደኞችህ አወቋትና አቅፈው አመጡልኝ። እሷን ታቅፌ በሩ ላይ ቁጭ አልሁ።

ወሬው እብናት እናትህ ዘንድ ደረሰ፣ ዛሬ በጧት ከተፍ አሉ። ሐና ጓሮ ጭቃ ስታቦካ ለብቻዋ ታወራለች፣ "አሁን ውኃ ልጨምር፣ እንዲህ ላድርገው፣ አይ ቀጠነ፣ እንደገና" ትላለች። እናትህ ቆመው ሰሟት። "ይቺ ልጅ የምታወራ ከማን ጋር ነው?" አሉኝ። "የልጄ ልጅ ተይዛለች። እወስዳታለሁ፣ እኛ ዘንድ ጠበል አለ። አንቺ ገና ለጋ ነሽ፣ ነገ ታገቢያለሽ።" ይኸን አሉኝ ሙሌ፣ ማቅህ ከላዬ ሳይወርድ። እኔ ለእናትህ አይሆንም የምልበት ምን አፍ አለኝ? እሳቸውም አንጀታቸው ተቃጥሎ ነው፣ ካንተ የቀረቻቸው እሷ ናት።

ሮጬ መዋዕለ ሕፃናት ሄጄ የሐናን አስተማሪ፣ ቲቸር አስካልን፣ ለመንኋት። ትምህርት ሲያልቅ መጣችልኝ። ሁለት እኩል ብርጭቆ ውኃ ሞላችና ለሐና አሳየቻት፣ እኩል ነው አለች ሐና። ያንዱን ውኃ ቀጭንና ረዥም ጠርሙስ ውስጥ ገለበጠችው። አሁንስ? "ይኸ ይበዛል!" አለች፣ ረዥሙን። እናትህ ደረታቸውን መቱ፣ "አላልሁም! ተነክታለች!" ቲቸር ሳቅ አለችና የጎረቤታችንን ትልቋን ልጅ ጠርታ ያንኑ ጠየቀቻት። "ያው ነው እኮ፣ መልሰሽ ብትገለብጭው እኩል ይሆናል" አለች ልጅቱ፣ እንደ መሰልቸት ብላ።

ይኸ ነው አለች ቲቸር። የሐና ዕድሜ ልጅ በዓይኗ ያየችውን ነው የምታምን፣ በሐሳቧ መልሶ መገልበጥ ገና አልመጣላትም፣ ይመጣል። ለብቻዋ ማውራቷም እያሰበች ነው፣ እኛ በሆዳችን የምናስበውን ልጅ መጀመሪያ በአፏ ታስበዋለች፣ ኋላ ወደ ውስጥ ይገባል። አባቷም ከወንዛዬ ሲመለስ ስላየች ይመለሳል ትላለች፣ ሞትን መንገድ አስመስለን የነገርናት እኛ ነን አለች። ይኸን ያጠኑ የውጭ ሊቃውንት አሉ አለችን። አንዱ፣ ልጅ ራሷ እየነካካች እየሞከረች በጊዜዋ ይገባታል ይላል፣ ሌላው ደሞ አጠገቧ ሆኖ የሚያናግራት ትልቅ ሰው ሲኖር ነው ከፍ የምትል ይላል። አንተ ቄስ ትምህርት ቤት ስላደግህ "ልጅ እንደ ጋን ነው፣ የሞላህበትን ይይዛል" ትል ነበር። እንጃ ሙሌ፣ እኔ አልተማርሁም። ዓረብ አገር የያዝሁት ልጅ ግን ከአሻንጉሊቱ ጋር ሲያወራ ይውል ነበር፣ ማንም አበደ አላለውም። ያቺ "የሚያናግራት ሰው" የምትለው ግን ልቤ ውስጥ ቀረች። ማን ነው የሚያናግራት? እኔ አይደለሁም ወይ?

ቲቸር ስትወጣ ሐናን ጭኔ ላይ አስቀመጥሁ። አባትሽ ወንዛዬ የለም፣ ሞቷል፣ ሰውነቱ መሥራት አቁሟል፣ አይርበውም አይበርደውም፣ አይመለስም አልኋት። አፌን አፌን ታየኛለች። "ነገስ?" አለች። ነገም ሞቷል አልኋት። "ለፋሲካስ?" አለች። ሙሌ፣ ለፋሲካም ሞቷል ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አንተ አታውቀውም። አልሁት ግን። አለቀሰች። የልጅ ልቅሶ እንጂ የዕብድ ልቅሶ አይደለም። እናትህ ከበሩ ቆመው ሰምተው "አንቺ ጨካኝ፣ ልጄን ሁለቴ ገደልሽው" አሉኝና ወደ ጓዳ ገቡ። አሁን ልብሷን እያጠፉ ነው፣ ይሰማኛል። የመጨረሻው የእብናት መኪና ሳይመሽ ይወጣል።

እኔ የማስብህ እንዲህ ነው። ዛሬ ያልገባትን ከፍ ስትል እንደገና እነግራታለሁ፣ ደሞ ከፍ ስትል ደሞ። በጠየቀች ቁጥር እንደ አዲስ፣ አንተ እንዴት ትስቅ እንደነበር፣ ጨረቃዋን እንዴት እንዳልሃት፣ እንዴት እንደታመምህ፣ ሳልዋሽ። እየገባት በመጣ ቁጥር አንተም ከእሷ ጋር ታድጋለህ እንጂ አታልቅም። ግን ከወሰዷት ማን ይነግራታል? እዚያ ወንዛዬ ሄዷል እያሏት ያሳድጓታል፣ አንድ ቀን ደሞ መኪና ላይ ትወጣለች፣ የሚያውቃት ሰው ባይኖርስ?

እናትህ ያሉኝን ልንገርህ። "ይኸን ልጄ ቢነግረኝ ነው የማምን" አሉ። ሞተህ እንደማትናገር አውቃለሁ፣ ትልቅ ሰው ነኝ፣ አሁን ለልጅህ ያስረዳሁት እኔው ነኝ። ግን ስልክህን አላጠፋሁትም፣ ቻርጅ እያደረግሁ አስቀምጬዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። እኔን ተወኝ፣ ለእናትህ ደውልላቸው ሙሌ። ልጄን ከእናቷ አትለዩአት፣ ደህና ናት በላቸው፣ አንተን ይሰማሉ። የእብናቱ መኪና ጡሩምባ እያሰማ ነው፣ ሐና እጄን ይዛኛለች። ደውልልን የኔ ጌታ፣ ሳይመሽ።