ዝም ያልኩህ ሃያ አንድ ቀን

ጋምቤላ፣ ኒውላንድ
ሚያዝያ 9

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ የአቦቦ ሚኒባስ ሹፌሩ ሀሩን ነው። ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ አስጠንቅቄዋለሁ። እባክህ መነጽርህን አድርግና እስከ መጨረሻው አንብበው። ስትናደድ ወረቀት አጣጥፈህ ኪስህ እንደምትከት አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ቻለኝ።

ደህና ነኝ። ወሬውን ለመጨረሻ ላቆየው ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ትናንት ከጅማ ተመለስኩ፤ ሐኪሙ ጉሮሮዬን አይቶ "ድነሻል" አለኝ። መኪናው ውስጥ ስነፈርቅ መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው እስከ በደሌ ሲያጽናኑኝ ነበር፤ ደስታ ነው ብዬ ለማስረዳት አፈርኩ።

ከምኑ ነው የዳነችው ትላለህ። እሱን አልነገርኩህም። ከጥር ጀምሮ ቅዳሜና እሁድ የኮምፒውተር ሥልጠና እየወሰድኩ ነው ያልኩህ ውሸት ነው። የምሄደው ባህል አዳራሽ ነው። እየዘፈኑ የሚተወንበት ቲያትር ልንሠራ አሥራ ሁለት ጀማሪዎች ተመርጠን ድምፅና ሙዚቃ ከሥር ከመሠረቱ እንማራለን። መዝገብ ቤት የተቀጠርኩ ጊዜ "ልጄ የመንግሥት ወንበር አገኘች" ብለህ ለመንደሩ ሁሉ ፍየል አርደሃል። ወንበሯን ትታ መድረክ ላይ ልትወጣ ነው ብለህ እንዳታዝን ፈራሁ።

አሠልጣኛችን ባንተአምላክ ይባላል። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዳችን ከአዳራሹ ጫፍ ቆመን ስማችንን እንድንጠራ አዘዘን። እኔ ስጠራ ውጭ ያለው ዘበኛ "አቤት" አለ። ባንተአምላክ የት እንደተማርኩት ሲጠይቀኝ በቆሎ ስጠብቅ፣ ማማ ላይ ሆኜ ዝንጀሮ ሳባርር ነው አልኩት። ይደነቅልኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን "ድምፅሽ ትልቅ ነው፣ ሁሉንም የምታወጪው ግን ከጉሮሮሽ ነው። እንዲህ ከቀጠልሽ ያልቅብሻል" አለኝ። ተቀየምኩት። ሌሎቹ ወለል ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ሆዳቸው ላይ መጽሐፍ አስቀምጠው መተንፈስ ሲማሩ፣ እኔ የሕፃን ጨዋታ ነው እያልኩ ጥግ ይዤ እዘፍን ነበር። ዋናውን ሴት ገጸ ባሕርይ ለመጫወት ቋምጬ ነበር፤ በጩኸት የሚገኝ መስሎኝ።

በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት ስነሳ ድምፄ የለም። ጅማ ሄድኩ። ሐኪሙ የድምፅ አውታሮችሽ ላይ እብጠት አለ አለኝ። ሃያ አንድ ቀን አንድም ቃል መናገር የለም፣ ማንሾካሾክም ክልክል ነው። ካልዳነ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ግን ስለመዝፈን ዋስትና የለም አለ። ቀጥሎም "ከልጅነትሽ ጀምሮ ትጮሂ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ።

አባዬ፣ እውነቱን ልንገርህ። ከጅማ ጋምቤላ እስክደርስ አንተን ስወቅስ መጣሁ። በስምንት ዓመቴ ማማ ላይ ያወጣኸኝ፣ "ጠንከር አድርገሽ ጥሪ" ያልከኝ አንተ ነህ እያልኩ። ቅዳሜ ስትደውል ስልኩ ሲጮህ እያየሁ ተቀመጥኩ። ስለማልናገር ብቻ አይደለም። የቤት አከራዬን እትዬ ማክዳን አንሺልኝ ብዬ በምልክት ባሳያት ታነሳልኝ ነበር። ተናድጄብህ ነው።

በአሥረኛው ቀን ራስህ መጣህ። አንድ ኩንታል በቆሎ በባጃጅ ጭነህ። "አመመሽ እንዴ?" አልከኝ። እንዳትደነግጥ ብዬ፣ አይ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። "ታዲያ ስልክ የማታነሺው ምን ሆነሽ ነው?" ስትለኝ "መናገር ተከልክያለሁ" ብዬ ጽፌ ሰጠሁህ። መነጽርህን አልያዝክም። መነጽሬን ረሳሁ ማለት ደግሞ አትወድም። "እንደ ባለጉዳይ ወረቀት ታቀብይኛለሽ? እኔ አባትሽ ነኝ እኮ" አልክ። በእጄ ጉሮሮዬን ባሳይህ እስከዚህ ሰልችተኸኛል ያልኩህ መሰለህ። እትዬ ማክዳ ገበያ ሄዳ ነበር፤ የሚያስረዳልኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቆመህ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቆጣኸኝ። "በሰባ ሰባት ከወሎ ስንመጣ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚያ ሁሉ መንገድ አባቴ ሲያናግረኝ ዝም ብዬው አላውቅም" አልክ። እኔ በመጀመሪያ መሬት መሬት እያየሁ ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። ድምፅህ ግቢውን ሞልቶታል፣ አንገትህ ላይ ግን አንድም ሥር አልተገተረም። ጉልበትህ ላላ ብሏል፣ ትከሻህ አይነሳም። የሸሚዝህ የታችኛው ቁልፍ ይገፋል፣ ይመለሳል፤ ጎንና ጎንህ እንደ ወናፍ ይከፈታል። ባንተአምላክ ሁለት ወር ሊያሳየኝ የለፋበትን አንተ እየተቆጣህ ትሠራው ነበር። ዕድሜህን ሙሉ ከማሳ ማሳ ስትጣራ ድምፅህ ዘግቶ አያውቅም። እኔ ማማው ላይ ሆኜ የሰማሁትን አጠራርህን ቀዳሁ፤ እንዴት እንደምትተነፍስ ግን አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁም። ጥፋቱ ያንተ አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው ፈገግ ያልኩት። ሆድ ሆድህን እያየሁ። አንተም አየኸኝ።

"ትስቂብኛለሽ?" አልክና ኩንታሉን በሩ ላይ ትተህ ወጣህ። ሮጥኩ፣ ባጃጁ ተነስቷል። አንድ ጊዜ ብቻ "አባዬ" ብዬ ብጠራህ ትዞር ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። አሥር ቀን የጠበቅኩት ጉሮሮ እንዳይበላሽብኝ ብዬ መልሼ ዘጋሁት። በሃያ አንዱ ቀን ውስጥ የከበደኝ እሱ ነው፤ ይቅር በለኝ።

ማታ እትዬ ማክዳ ደወለችልህ። "አፍ ካላት ራሷ ትናገር" ብለህ ዘጋህባት። መልእክት እንዳልጽፍልህ ያንተ ስልክ የሚያውቀው መደወልና መቀበል ብቻ ነው። ቀን ከመቁጠር ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ሥልጠናውን ግን አልተውኩም። ጎኝ የሚባል የኑዌር ልጅ አብሮን ይማራል፤ "አፍሽ ይረፍ፣ እግርሽ ይሥራ" እያለ ምት በእግሬ ማስቆጠር ጀመረ። ዝም ስል የሌሎቹን ድምፅ መስማት ቻልኩ፤ ከዚያ በፊት የራሴን እንጂ የማንንም አልሰማም ነበር። ወለሉ ላይ ተንጋልዬ መጽሐፉን ሆዴ ላይ አስቀመጥኩ፣ እንዳንተ ጎኔን ከፈትኩ። መጽሐፉ ተነሳ። ባንተአምላክ "ማን አስተማረሽ?" ሲለኝ "አባቴ ሲቆጣኝ" ብዬ ጻፍኩለት። ስቆ ስቆ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ትናንት ሐኪሙ "በይ ቀስ ብለሽ አንድ ቃል በይ" አለኝ። ያንተን ስም አልኩ። ወንዳፈረው። ሳይሰነጠቅ ወጣ።

ዋናውን ገጸ ባሕርይ አብራን የምትማረው አቢጋኤል ወስዳዋለች፣ ይገባታል። ለእኔ አንዲት አጭር ዘፈን ደርሳኛለች፤ ሰኔ ላይ ቲያትሩ ሲታይ እዘፍናታለሁ። ብትመጣ ከፊት አስቀምጥሃለሁ፤ ባትመጣም አልቀየምህም። መዝገብ ቤቱንም አልለቀቅኩም፣ እሱን አታስብ።

ከትናንት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ደውዬ አላነሳህም። ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት እንደገና እደውላለሁ፤ ቁጥሩ የእትዬ ማክዳ ነው፣ የኔን አይተህ እንዳትተወው ብዬ። ድምፁ የማታውቀው ሊመስልህ ይችላል። ዝግ ያለ ነው፣ ወፈር ብሏል፣ አይቸኩልም። "ተሳስተሻል" ብለህ እንዳትዘጋው።

እኔ ነኝ።

ልጅህ ሰሎሜ