እግሬን ያቆመልኝ ባቄላ

የካቲት 19
ዛሬም ከበርጩማ ለመነሳት ልጄን አርሴማን ጠራሁ። ስንት ማኅሌት ቆሞ ያደረ መሪጌታ፣ ልጁ ብብቱን ይዛ ታስነሳው ጀመር... ከሳንባ ምቹ ተርፌአለሁ፣ ተመስገን። እግሬ ግን ሱሪው ውስጥ ያለ አይመስልም። ሚያዝያ 30 የማርቆስ በዓል ነው። ተቀምጬ ልዘምር ነው?

የካቲት 22
ሐኪም ቤት ሄድን። እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ልጅ፣ ሂዊ፣ ጭኔን ዳሰሰችና ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። ጾም አይደል፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንጀራ በጎመን አልኳት። ሌላስ? ሌላማ የለም።
"መሪጌታ፣ ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይመለስም። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የበለጠ ይፈልጋል። እርስዎ ምን ሰጡት?"
እንቁላል ይብሉ አለች። በዐቢይ ጾም? አልበላም። ካልበላሁ ደግሞ አልቆምም... ጨነቀኝ።

የካቲት 24
የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ሚካኤል ሊጠይቁኝ መጡ። እንቁላሉን ለመድኃኒት ፈቀዱልኝ። እምቢ አልኩ። ቆጣ አሉ።
"ባቄላውንስ ማን ከለከለዎ? ጾሙ ነው ወይስ እርስዎ?"
እውነታቸውን ነው። ሽሮውንም ምስሩንም ድሎት ነው ብዬ የተውኩት ራሴ ነኝ። ቀኖና ሰጡኝ፤ በቀን ሁለቴ፣ ጥራጥሬ ሳይጎድል እንድበላ። ብላ ተብሎ ቀኖና... አርሴማ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

መጋቢት 3
አርሴማ ግብጦ፣ ያንን መራራ ጥራጥሬ፣ ከይጁቤ ገበያ አስመጥታ፣ ቆልታ ዘፍዝፋዋለች። ውኃውን ጠዋት ማታ ትቀይራለች። ምሬቱ ሳይወጣ እንዳልነካው አስጠነቀቀችኝ። እኔ ደግሞ መራራ ለጾም ይስማማል ብዬ፣ ስትወጣ ጠብቄ አንድ እፍኝ ቃምኩ። አዞረኝ። መጥታ ድስቱን ስታየው ገባት።
"አባባ፣ ይሄም ተጋድሎ ነው?"
የኔ ልጅ። ከዚህ ሽማግሌ ጋር ያላት ትዕግሥት...

መጋቢት 16
ግብጦው ጣፈጠ። ዛሬ ደግሞ የባቄላ ቆሎ ቆላችልኝ። ስቆረጥም መርጡለ ማርያም ትዝ አለኝ። የቆሎ ተማሪ ሳለሁ በየደጁ ስለምን፣ ወለተ ሐዋርያት የሚባሉ እናት ኪሴ እስኪሞላ ባቄላ ይሰጡኝ ነበር። ሌሊቱን ስማር የሚያቆመኝ ጸሎቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ የእሳቸውም እጅ አለበት። ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ይሆን? አይመስለኝም።

መጋቢት 27
ተነሳሁ። ብቻዬን፣ በእጄ ሳልደገፍ። ሂዊ ያለችውን እንቅስቃሴ ስሠራ ነው። አርሴማ ከጓዳ ስትወጣ ቆሜ አገኘችኝ። አለቀሰች። እኔም አልቀረሁም።

ሚያዝያ 13
ትናንት ፋሲካ። እንቁላሉንም ዶሮውንም በላሁ። ባቄላዬን ግን አልተውም።

ሚያዝያ 30
ማኅሌቱን ቆሜ አደርኩ። ጸናጽሉን ይዤ ስዘምር እግሬ ጸና። አንዱ ዲያቆን ወንበር ሲያቀርብልኝ ለአባ ወልደ ሚካኤል ስጣቸው አልኩት። አባ ሰምተው ሳቁ፤ ተቀመጡም። በጸሎቱ መካከል ወለተ ሐዋርያትን በስማቸው አሰብኳቸው። እስከ ዛሬ በጸሎቴ እንዴት ረሳኋቸው?
ከቅዳሴ ስንወጣ የቆሎ ተማሪዎቹ በር ላይ ነበሩ። አርሴማ የቋጠረችልኝን የባቄላ ቆሎ አውጥቼ በየእጃቸው ሰጠኋቸው።
"እግዚአብሔር ይስጥልን" አሉኝ።
ሰጥቶኛል እኮ።